ከአሥረኛው ዘፈን በኋላ

በኒው ጀርሲዋ ዌስት ሃርሎ ከተማ ዋረን ሌስኮ ወርዶ ያላየው ምድር ቤት ጥቂት ነው። ሥራው የቤት ማሞቂያ ቦይለር መጠገን ነው። ብርዱ ሲጀምር ስልኩ ይጮኻል፤ እሱም የእጅ ባትሪውንና የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ በየሰው ቤት ደረጃ ይወርዳል። ምድር ቤት ሰው ሳሎኑ ውስጥ የማያሳየውን ሁሉ የሚያኖርበት ቦታ ስለሆነ፣ ዋረን ስለ ከተማው ሰው ብዙ ያውቃል። ያወቀውን ግን አያወራም። አንድ ነገር ሲያይ ብቻ አያስችለውም፤ ጥግ ላይ ተደግፎ አቧራ የጠጣ ጊታር።

«ይቺ ጊታር የማን ናት?» ይላል።

«የልጄ ነበረች። ድሮ ባንድ ነበረው።»

«የባንዱ ስም ማን ነበር?»

ሲነግሩት፣ ባንዱ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ ከእነማን ቀጥሎ በዘማቾች አዳራሽ እንደተጫወተ ይነግራቸዋል። ባለቤቶቹ ይገረማሉ። እሱ ግን ወደ ቦይለሩ ተመልሶ ማጥበቅ ያለበትን ያጠብቃል።

የዘማቾች አዳራሽ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ሽማግሌዎቹ ዘማቾች ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶች ይለቁላቸው ነበር። የሚከለክሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መጮኽ። አራት አምስት ባንድ ተራ ይይዛል። ሁሉም ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ የሚጫወት፣ ሁሉም ፈጣን፣ ሁሉም ጯሂ፣ ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚዘፍን ነው፤ ከዚህች ከተማ ስለ መውጣት። በበሩ የገባ ሁሉ በመግቢያ ቲኬት ፈንታ የእጁ ጀርባ በጥቁር ማርከር ይሰመርበታል። ማርከሩን የሚይዘው ዋረን ነበር። ጊታር ሞክሮ አልሆነለትም፤ ድምፁም ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ነው። ስለዚህ የሌሎቹን መዝገብ ያዘ። ማን ተጫወተ፣ ስንት ዘፈን ዘፈነ፣ የማን የጊታር ክር ተበጠሰ፣ ሁሉንም ይጽፋል። በኋላም አንድ የቀረጻ ማሽን አግኝቶ፣ በወላጆቹ ምድር ቤት ውስጥ ከቦይለሩ አጠገብ የሰፈሩን ባንዶች ይቀርጽ ጀመር። በአራት ዓመት አሥራ አንድ አልበም አወጣ።

እነዚያ ልጆች ዛሬ አርባን አልፈዋል። ከጊዜያቸው የቀረው አንድ ልማድ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ሰው ከዚያ ዘመን የሚወደውን አንድ የሮክ ወይም የፖፕ ፓንክ አልበም ይዞ ይመጣል፤ አንድ ዘፈን ያሰማል፤ ከዚያ ቆሞ ይከራከርለታል። ሌላው ይሰድበዋል። ዋረን ይመዘግባል።

ክርክሩ የዋዛ አይደለም። አንድ ዓመት አንዷ «የሰኞ ሕመም ፈቃድ» የሚባለውን ባንድ ሦስተኛ አልበም ይዛ መጣች። ድራም መቺው ዶሚኒክ ስካልዞ ከወንበሩ ተነሣ።

«ሦስተኛውን? እሱ ላይ እኮ ቫዮሊን አስገብተዋል!»

«ቫዮሊን ምን አደረገህ?»

«ፓንክ ውስጥ ቫዮሊን ማለት እራት ላይ ጠበቃ ማለት ነው። አንድ ነገር ሊወስዱብሽ ነው።»

ከዚያ ወደ ዋረን ዞረ። «አንተስ? ዘንድሮም ያንኑ አመጣህ?»

«ያንኑ።»

«ሰውዬ፣ በየዓመቱ አንድ አልበም! ሚስት እንኳ እንዲህ አትያዝም።»

«አንተ እንዳልያዝካቸውማ እናውቃለን» አለው ዋረን። ዶሚኒክ ሁለት ጊዜ ፈትቷልና አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ዋረን በየዓመቱ በሚያመጣው አልበም ላይ የዘፈነችው ጃኒን ቮይታክ ነበረች።

ያ አልበም «ይቅርታ ለጎረቤቶች» ይባላል። ባንዱ «ለደንበኞች ብቻ» ነበር፤ ስሙን ያገኙት ከአንድ የገበያ አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ሰሌዳ ላይ ነው። ጃኒን ጊታር ትመታለች፣ ትዘፍናለች፤ ዶሚኒክ ድራሙን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደይ ወር ዋረን በስድስት ቀን ቀረጸው። አሥር ዘፈን፣ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ። ሽፋኑን ጃኒን ሣለችው፤ ሁለት መቶውን ሲዲ ዋረን በራሱ ኮምፒውተር አንድ በአንድ አባዛው። ከዚያ በኋላ የወጣ ምንም ነገር፣ ዓለም ያወቃቸው ባንዶች ያወጡትም ጭምር፣ በዋረን ዝርዝር ላይ ከሁለተኛ ከፍ ብሎ አያውቅም። ይወዳት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ጃኒን ባለፈው ዓመት ኅዳር በካንሰር ሞተች። አርባ ዓመቷ ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እናቷ ሚስስ ቮይታክ ለዋረን ደወሉ። ቦይለራቸው ሌሊቱን ሲያንኳኳ አድሯል። ዋረን ሄዶ አየው፣ አየሩን አስተነፈሰለት፣ ወደ ኩሽና ወጣ። ሚስስ ቮይታክ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው። አሁንም ሲናገሩ የኋላ ወንበር ላይ የሚረብሽ ልጅ ያለ ይመስላል። የጃኒን ጓደኞች ሁሉ «ሚስስ ቪ» ይሏቸዋል።

«ስንት ክረምት ይቀረዋል?»

«ሁለት፣ ሚስስ ቪ። ከጸለዩለት ሦስት።»

«ለሰው መጸለይ የተውኩ ሴት ለቦይለር አልጸልይም። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ቡናውን በትልቁ ኩባያ ቀዱለት፤ ለራሳቸው ግን አልቀዱም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ እንዳትስቅ» አሉት። «ማስታመሚያ ቤቱ ውስጥ፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ ነው። ቀን ነበር፤ በደንብ ነቅታ ነበር። 'እማ፣ እዚያ ሲዲ ላይ ላንቺ የዘፈንኩት አለ' አለችኝ። 'የቱ ሲዲ?' አልኳት። 'የጎረቤቶቹ' አለች። 'እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ፣ ሁሉም ጩኸት ነው' አልኳት። ሳቀች። 'እስከ መጨረሻው አልጠበቅሽማ' አለችኝ። ከዚያ ነርሷ ገባች።» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉት። «መድኃኒቱ ነው ያናገራት? ወይስ እውነት አለ?»

ዋረን ኩባያውን አስቀመጠ።

«አለ» አላቸው።

ነበረ። በዚያ ዘመን ባንዶች ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ያልቃል፤ ሲዲው ግን መዞሩን አያቆምም። ዝም ብሎ ይዞራል፤ አምስት ደቂቃ፣ ሲበዛ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ሽፋኑ ላይ ያልተጻፈ አንድ ዘፈን ድንገት ይጀምራል። መጥቶ ሲዲውን ያጠፋ አያገኘውም። የጠበቀ፣ ወይም ሳያጠፋው እንቅልፍ የወሰደው፣ እሱ ያገኘዋል።

ጃኒን ያን ዘፈን የቀረጸችው አልበሙ ካለቀ በኋላ፣ ሌሎቹ በሌሉበት፣ ከዋረን ጋር ብቻ ሆና ነው። ለእናቷ ነበር። አፈረችበት። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ መድረክ ላይ ወጥታ ወንዶቹን የምትሳደብ። ለእናት የተዘፈነ ዘፈን አዳራሹ ውስጥ ከተሰማ ዶሚኒክ እስከ ዕለተ ሞቷ እንደማይለቃት ታውቃለች። «ሰው የማይደርስበት ቦታ አድርገው» አለችው ለዋረን። «የደረሰም ደክሞ ይድረስ።»

ዋረን ደስ አለው። ማሰብ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ሲዲው ሰባ አራት ደቂቃ ይይዛል። አሥሩ ዘፈኖች ሃያ ዘጠኝ፣ ይኸኛው ሦስት። መሃሉ ላይ አርባ አንድ ደቂቃ ዝምታ አስገባ። «ከእኛ የበለጠ ዝም ያለ ባንድ በኒው ጀርሲ የለም!» ብሎ ፎከረ። ጃኒን ከሳቋ ብዛት ከደረጃው ላይ ወድቃ አነከሰች።

ይህን ሁሉ ለሚስስ ቮይታክ ነገራቸው። ሳያቋርጡት ሰሙ።

«እኔ የራሴን ቅጂ ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ቤት ለቃ ስትወጣ ክፍሏን አጸዳሁ። ሣጥኑን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን የዕቃ ሽያጭ ሰጠሁት። እሷ 'ስጪው' ብላኝ ነበር፤ ግን ያንን ሲዲ ሳላወጣ…» አልጨረሱትም። «አንተ አለህ አይደል? አንተ ነህ ሁሉን የምትይዘው።»

«ሁሉም አለኝ፣ ሚስስ ቪ። በዚህ አይጨነቁ።»

«ቅዳሜ፣ ያ ስብሰባችሁ ሲሆን፣ እመጣለሁ። ግን ከዚያ በፊት ብቻዬን ልስማው።»

«ሐሙስ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ዋረን ይህን ሲል ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ ስምንት መቶ ሲዲዎቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ መጥቶ ምድር ቤቱን ውኃ ሲሞላው፣ ሣጥኖቹን ከዋናዎቹ የቀረጻ ካሴቶች ጋር አውጥቶ ለቆሻሻ መኪና ሲያስረክብ እንኳ አላለቀሰም። ጎረቤቱ አዝኖለት «አይ ዋረን፣ ዕድሜ ልክህን የሰበሰብከው!» ሲለው፣ «ተገልብጧል፤ አንድም አልጠፋም» ብሎ መልሶለታል።

ቤቱ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አልበሙ አለ። አሥረኛውን ዘፈን ተጫነው። ዘፈኑ ተጫወተ፤ አለቀ፤ ቆመ። ርዝመቱን አየ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ።

ቁጥሩን ደግሞ አየው። ከዚያ አስታወሰ። በዚያ ክረምት፣ መገልበጡን ሲጀምር፣ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ጠይቆት ነበር፤ በየሲዲው መጨረሻ ያለው ዝምታ ይቆረጥ ወይ? ስምንት መቶ ሲዲ ነው፤ ዝምታ ቦታ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ትንሽ ነበር። «አዎ» የሚለውን ተጫነ። ፕሮግራሙም እንደታዘዘው ዝምታው የጀመረበት ላይ ቆርጦ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ጣለ።

ሌሎቹን አልበሞች አየ። የተደበቁት ዘፈኖች አንድም አልነበሩም። የእነዚያ ግን ሌላ ቦታ ይገኛሉ፤ ዓለም ሙሉ አለው። የጃኒን ሁለት መቶ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ለድሮ የአዳራሽ ሰዎች ሁሉ መልእክት ላከ። ዘጠኝ ሰዎች መለሱ፤ ስድስቱ የለንም አሉ። አንዱ «ሽፋኑ አለኝ፣ ሲዲው የለም» አለው። አንዷ አገኘሁ ብላ አመጣችለት፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ተሸብሽቦ ሲላጥ የሲዲውን ብራማ ቆዳ ይዞት መጥቷል፤ በቀዳዳው ማዶ ማየት ይቻላል። የመጨረሻው መልስ ከዶሚኒክ መጣ። ዶሚኒክ አሁን ፔንሲልቬኒያ ነው የሚኖረው፤ የወለል ንጣፍ ይሸጣል።

«ጣሪያ ሥር አገኘሁት» አለው በስልክ። «ከድራም መምቻዎቼ ጋር። አንድ ጭረት የለውም። ና ውሰድ፤ ምሳም አበላሃለሁ።»

ዋረን ሁለት ሰዓት ነድቶ ሄደ። በዶሚኒክ ጋራዥ ውስጥ ሲዲውን ገልብጦ በመብራት አየው። ጭረት የለውም፤ ልክ ነው። ግን ጠርዙ ላይ፣ ዙሪያውን፣ የጥፍር ስፋት ያለው ቡናማ ደመና ገብቶበታል። ዋረን አፉን ያዘ። ሲዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ውጭ ነው፤ የመጀመሪያው ዘፈን መሃል፣ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ያርፋል። እንዲህ በቤት የተባዛ ሲዲ ሲያረጅ ደግሞ የሚበላሸው ከጠርዙ ጀምሮ ነው። እንደ ሰው ሁሉ አድርጎ አምስት ደቂቃ ዝምታ ትቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዘፈኑ ገና መሃል አካባቢ፣ ደህና ቦታ ላይ ያርፍ ነበር።

ወደ መጨረሻው አሳልፈው አጫወቱት። ጀመረ፤ ተንተባተበ፤ ቆመ። በሦስት ማጫወቻ ሞከሩት። የተሻለው ዶሚኒክ መኪና ውስጥ ያለው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ መኪናውም አልቻለም።

ዶሚኒክ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ።

«እኔ እኮ ሰምቼው አላውቅም» አለ። «ሃያ ዓመት ጣሪያዬ ሥር ነበረ፤ አሥሩን ሰምቼ አጠፋለሁ። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ትስቅባታለህ ብላ ነዋ።»

«እስቅባት ነበር» አለ ዶሚኒክ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ቆይቶ፣ «ስማ ዋረን። እኔ ሌላ ነገር አለኝ። በ2004 ልምምድ ላይ የቀዳሁት። ብቻዋን ናት፣ በጊታር። የማንንም ስም አትጠራም። ቤት እየተመለስኩ ነው፣ በሩን አትዝጉ ነው የምትለው። ጥርት ያለ፣ ሙሉ ዘፈን ነው። እሱን ስጣቸው።»

«እሱ ያኔ ለከዳት የወንድ ጓደኛዋ ነው።»

«እሳቸው በምን ያውቃሉ? የትኛዋ እናት ናት ያንን ሰምታ ለኔ አይደለም የምትል?»

«ዶም…»

«ምን 'ዶም' ትለኛለህ? ሴትዮዋ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ልትሰጣቸው ነው? ሞታለች እኮ። አሁን ለማን እንደዘፈነችው ማን ይጠይቃል?»

ዋረን ሲዲውን ከማጫወቻው አወጣ። ዶሚኒክ ገብቶ ዘፈኑን በፍላሽ ገልብጦ አመጣለትና በጃኬቱ ኪስ ከተተለት። «ያዘው ብቻ» አለው። ዋረን ያዘው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚስስ ቮይታክን በር ሲያንኳኳ ሲዲው በግራ ኪሱ፣ ፍላሹ በቀኝ ኪሱ ነበር። የትኛውን እንደሚያወጣ አላወቀም ነበር። ሚስስ ቮይታክ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፤ ጸጉራቸውንም ተሠርተዋል። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የጃኒን የልጅነት ማጫወቻ፣ ሁለቱን ድምፅ ማጉያ ከግራና ከቀኝ አድርጎ፣ አቧራው ተጠርጎ ተቀምጧል። ሹራቡን ሲያይ እጁ ወደ ግራ ኪሱ ሄደ።

«ሚስስ ቪ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

ቆሞ ነገራቸው። ዝምታው ይቆረጥ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ እንዳለ፣ አርባ አንድ ደቂቃውን የመረጠው እሱ እንደሆነ፣ ጠርዙ እንደተበላሸ፣ የተረፈው አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ እንደሆነ፣ እሱም በዚህ ማጫወቻ ላይሰማ እንደሚችል ነገራቸው። እንዳይቀርም ያንኑ በስልኩ ላይ ገልብጦ ይዟል።

ሚስስ ቮይታክ ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

«አስገባው» አሉ።

«በቀጥታ ወደ መጨረሻው ላሳልፈው?»

«አይሆንም። እሷ እንደሠራችው ነው የምሰማው።»

አሥሩን ዘፈን ሰሙ። ሚስስ ቮይታክ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠው ሰሙ። በአራተኛው ላይ «ይሄ እኔን መስደቧ ነው?» አሉ። «አይደለም፣ ርዕሰ መምህሩን ነው» አላቸው። «ጎበዝ» አሉ። አሥረኛው አለቀ። ማጫወቻው ላይ ያለው ቁጥር ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

ዝምታው መጣ።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሁለቱም ማጫወቻውን ያዩ ነበር። ቆይቶ ዋረን የማቀዝቀዣውን ድምፅ ሰማ። ከበታቻቸው ቦይለሩ ተነሣ፤ ውኃው በቧንቧዎቹ ሲወጣ ሰማ፤ ቦይለሩ ጠፋ፤ እንደገና ተነሣ። አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ሚስስ ቮይታክ ተናገሩ።

«ሣጥኑ ውስጥ ሌላም ነበር» አሉ። «የሣለቻቸው። ጥርሷን ያሠራንበት ብረት በትንሽ ብልቃጥ ነበር። ክፍሉን የመስፊያ ክፍል ላደርገው ነበር። አንድም ቀን ሰፍቼበት አላውቅም።»

ሚስስ ቮይታክ ከሹራባቸው ላይ አንድ ክር ነቀሉ።

«እናንተ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ስታደርጉት የነበረው ነገር ሁሉ ያልፋል ብዬ ነው። ሁሉም ልጅ ያልፍለታል። አውቶቡስ ላይ አይቻለሁ፤ መስከረም ላይ ጸጉሩን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ሰኔ ላይ ይቆረጠዋል። ስለዚህ አልሰማኋትም።»

ሠላሳ ደቂቃ ሞላ። መስኮቱ መደብዘዝ ጀመረ፤ መብራት ያበራ ግን አልነበረም። ሁለቱም ወደ ማጫወቻው ጠጋ አሉ። ሠላሳ ስምንት። አርባ። ሚስስ ቮይታክ የዋረንን እጅጌ ያዙ።

የወንበር መጎተት ተሰማ። ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው። ከዚያ የአንድ ወጣት ልጅ፣ የዋረን የራሱ ድምፅ፣ «እየቀዳ ነው» ሲል፤ ጃኒንም «አውቃለሁ፣ ዝም በል አንተ!» ስትለው፤ ሳቋ። ጊታሩ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱንም የማይመስል። እሷም ሳትጮኽ ዘፈነች፤

«ጫማሽን በጨለማ ስትፈልጊ፣ መብራት እንዳታበሪብኝ፣
ተኝቼ አልነበረም እማ፣ ተኝቼ አልነበረም፣ እኔ…»

ማጫወቻው ተንገጫገጨ። «እኔ፣ እኔ፣ እ፣ እ» አለ። ቆመ። ቁጥሩ ጠፋ።

ሚስስ ቮይታክ እጅጌውን አልለቀቁም።

«አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር የምነሣው» አሉ። «ሌሊት። አውቶቡሱን ለማሞቅ። ትንሽ ሳለች ክፍላችን አንድ ነበር፤ ከዚያ ልማድ ሆነብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መብራት አላበራሁም።» ወደ እሱ ዞሩ። «ምን ነበረች?»

«እ?»

«ተኝታ ካልነበረች ምን ነበረች? ቀጥሎ ምን ትላለች?»

ዋረን አፉን ከፈተ። ማን በየትኛው ቅዳሜ ስንት ዘፈን እንደተጫወተ የሚያውቅ ሰው ነው። በአሥራ አንድ አልበም ውስጥ ያሉትን ግጥሞች ሁሉ አሁንም በቃሉ ይላቸዋል። ይህን ዘፈን ግን፣ የእናቷ ነው ብሎ ደግሞ ስላላጫወተው፣ የሰማው በተቀረጸበት ቀን፣ ሁለት ጊዜ፣ ምናልባት ሦስት ጊዜ ነው፤ ያኔም ሐሳቡ የነበረው የማሽኑ የድምፅ መለኪያ መርፌ ቀዩን መስመር እንዳያልፍ ነው። አሰበ። ከመንገድ፣ ከመስኮት፣ ከበረዶ ጋር የተያያዘ ነገር የነበረ መሰለው። መሰለው ብቻ። አንድ መስመር ማብጀት ይችል ነበር፤ «እያየሁሽ ነበር» ቢላቸው ይበቃ ነበር፤ ምናልባትም እውነቱ እሱ ነው። እጁ ቀኝ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ነካው። ተወው።

«አላስታውስም፣ ሚስስ ቪ» አለ። «ይቅርታ። አላስታውስም።»

ሚስስ ቮይታክ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቆይተውም ደግመው ነቀነቁ። እጅጌውን ለቀቁት። ተነሥተው መብራቱን አበሩና የጠዋቱን ኩባያዎች ማጠብ ጀመሩ። ጀርባቸውን እንደሰጡት፣ «ቅዳሜ አልመጣም» አሉት።

«እሺ።»

«አልተቀየምኩህም። አንተ ባትኖር ይቺንም አላገኝም ነበር።»

«ስልኬ ላይ ያለውን ልልክልዎት እችላለሁ። ሲዲውም እዚህ ይቀመጥ፤ የእርስዎ ነው።»

ውኃውን ዘጉት።

«የስልኩን ላክልኝ። እሱን ግን ውሰደው፣ ልጄ» አሉ። «እዚህ ከተውከው ስጠብቅ እኖራለሁ።»

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ዋረን መዝግቦታል። ዶሚኒክ ከፔንሲልቬኒያ መጥቷል፤ በር ላይ ቆሞ «ሚስስ ቪ የታሉ?» ሲለው ዋረን ፍላሹን አውጥቶ መለሰለት። ዶሚኒክ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ዘንድሮም ሰው ስለ ቫዮሊን ተጣላ፤ አንዱ እንደውም ቫዮሊን ያለበትን ሁለት አልበም አመጣ።

ተራው ሲደርስ ዋረን ሲዲውን አስገባ። የሚከራከርለት ነገር እንዳለው ሲጠይቁት የለኝም አለ። አሥረኛውን ዘፈን መረጠ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ ተጫወተ፤ አለቀ። ማንም አልተነሣም፤ ማንም አላጨበጨበም። የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ መጠበቅ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ሠላሳ አምስት ሰው ዝም ብሎ ወደ ማጫወቻው ያያል። ዋረን አንድ ደቂቃ ያህል ተዋቸው። ከዚያ ተነሥቶ ሄደና አጠፋው።

«ከዚያ ወዲያ የለም» አላቸው። «ቀጣዩ ማነው?»